ጫፉን እንፈትሽ፦ የኢንቲጀር ኦቨርፍሎውና የሉፕ ስህተቶች ለሲ ጀማሪዎች



የላብ ፈተና ሲቃረብ በየሴሚስተሩ የምንሰማው ቅሬታ አንድ ዓይነት ነው። «ኮዱ ኢረር የለውም፤ መልሱ ግን ልክ አይደለም።» ወይም «ረን ሳደርገው ስክሪኑ ዝም ብሎ ይሞላል፤ አይቆምም።» ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ከዚያ የሚከተለው ነው፦ «ፕሮግራሚንግ ለኔ የተፈጠረ ነገር አይደለም።» ዩኒቨርሲቲ ከመግባቱ በፊት ኮምፒውተር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ተማሪ ይህን ቶሎ ይላል። ዲፓርትመንት መምረጫው ሲደርስም ሶፍትዌርን፣ ኤሌክትሪካልንና ኮምፒውተር ሳይንስን ከምርጫው ያወጣል። በአንድ የሉፕ ስህተት ምክንያት የአራትና የአምስት ዓመት መንገድ ይቀየራል ማለት ነው።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት ለእነዚህ ወንድሞችና እህቶች ነው። ሁለት ዓይነት ስህተቶችን እናያለን። አንደኛው ቁጥር ከተሰጠው ቦታ በላይ ሲሆን የሚደርሰው ኦቨርፍሎው ነው። ሁለተኛው ሉፕ አንድ ዙር ሲበልጥ፣ አንድ ዙር ሲጎድል ወይም ጭራሽ ሳይቆም ሲቀር የሚደርሰው ነው። ሁለቱ የተለያዩ ቢመስሉም የሚገኙት አንድ ቦታ ነው፦ ጫፍ ላይ። ፕሮግራሙ መሀል ላይ በትክክል ይሠራል፤ የሚሳሳተው መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ነው። ስለዚህ ጫፉን መፈተሽ የለመደ ተማሪ አብዛኛውን ችግር ከላቡ ሳይወጣ ይፈታዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፦ እዚህ የምናሳያቸውን ኮዶች በፊደላችን ጽፈናቸዋል፤ ላፕቶፕ ላይ ስትሞክሯቸው ወደ ላቲን ፊደል መልሷቸው። የሉፕ ቆጣሪውን ሁልጊዜ «ቀ» ብለነዋል።

1. ሳጥኑ ስንት ይይዛል?

በሒሳብ ክፍል የተማርናቸው ቁጥሮች ወሰን የላቸውም። ማንኛውም ቁጥር ላይ 1 ብንደምር የሚቀጥለውን እናገኛለን። በሲ ቋንቋ ግን እያንዳንዱ ቫሪያብል ልኩ አስቀድሞ የተወሰነ ሳጥን ነው። «ኢንት» ብለን ስናውጅ ኮምፒውተሩ በአብዛኛው የ32 ቢት ቦታ ይሰጠናል። እያንዳንዱ ቢት 0 ወይም 1 ብቻ ስለሚይዝ በ32 ቢት መጻፍ የሚቻሉት የተለያዩ ቁጥሮች 4,294,967,296 ናቸው። ግማሹ ለኔጌቲቭ ቁጥሮች ስለሚሄድ የኢንት ክልል ከ −2,147,483,648 እስከ 2,147,483,647 ይሆናል።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። የ8 ቢት «ቻር» ምልክት የሌለው ከሆነ ከ0 እስከ 255 ይይዛል፤ ምልክት ያለው ከሆነ ከ −128 እስከ 127። የ16 ቢት «ሾርት» ከ −32,768 እስከ 32,767 ይይዛል። የ64 ቢት «ሎንግ ሎንግ» እስከ 9,223,372,036,854,775,807 ይደርሳል። እነዚህን ቁጥሮች ሁሉ መሸምደድ አያስፈልግም። 255ን፣ 32,767ንና «ኢንት ሁለት ቢሊዮን ገደማ ነው» የሚለውን መያዝ ይበቃል።

2. ሲሞላ ምን ይሆናል?

የቆየ ታክሲ የኪሎሜትር ቆጣሪ አስቡ። አምስት አሃዝ ብቻ ካለው 99999 ከደረሰ በኋላ አንድ ኪሎሜትር ሲነዳ 00000 ያሳያል። መኪናው አዲስ አልሆነም፤ ቆጣሪው ስድስተኛ አሃዝ የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ እንጂ። ምልክት የሌላቸው የሲ ቁጥሮች በትክክል እንዲህ ይሠራሉ። 255 የያዘ ምልክት የሌለው ቻር ላይ 1 ሲደመር 0 ይሆናል። 0 የያዘ ምልክት የሌለው ኢንት ላይ 1 ሲቀነስ 4,294,967,295 ይሆናል። ይህ የቋንቋው ሕግ ነው።

ምልክት ያላቸው ቁጥሮች ጉዳይ ግን ከዚህ ይከብዳል። ኢንት ከጫፉ ካለፈ ምን እንደሚሆን የሲ ቋንቋ ደንብ ምንም ዋስትና አይሰጥም። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ዞሮ ወደ ኔጌቲቭ ይገባል፤ ሆኖም ኮምፓይለሩ «ይህ ፈጽሞ አይደርስም» ብሎ አስቦ ኮዱን የማሳጠር መብት አለው። ስለዚህ ያው ኮድ በአንድ ዓይነት አሠራር ኮምፓይል ሲደረግ አንድ መልስ፣ በሌላ ሲደረግ ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 150 ተማሪዎች እያንዳንዳቸው 250 ብር መዋጮ አዋጡ እንበል። ድምሩ 37,500 ብር ነው። የሒሳብ ያዡን ፕሮግራም የጻፈው ሰው ድምሩን በ16 ቢት ሾርት ውስጥ ካስቀመጠው ቁጥሩ ከ32,767 ስለሚበልጥ አይገባም። በተለመዱት ኮምፒውተሮች ላይ የሚታየው 37,500 ሲቀነስ 65,536፣ ማለትም −28,036 ነው። ገንዘቡ በሳጥኑ አለ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ማኅበሩ የ28,036 ብር ባለዕዳ ሆኗል። ገንዘብ ያዡ የሌለ ጥያቄ ይጠየቃል ማለት ነው። የሰው አማና በቫሪያብል ዓይነት ምርጫ ላይ ሊወድቅ እንደሚችል ከዚህ እናያለን።

የመዋጮው ስህተት ቢያንስ ይታያል፤ መዋጮ ኔጌቲቭ አይሆንምና። የከፋው የማይታየው ነው። በየላቡ የሚሰጠውን የፋክቶሪያል ጥያቄ ተመልከቱ። በኢንት ስናሰላ የ12 ፋክቶሪያል 479,001,600 ይወጣል፤ ትክክል ነው። የ13 ፋክቶሪያል 6,227,020,800 መሆን ነበረበት፤ ኢንት ውስጥ ስለማይገባ ግን በአብዛኛው 1,932,053,504 ይታተማል። ፖዘቲቭ ነው፤ ትልቅ ነው፤ ከ12ቱ ይበልጣል። የሚጠራጠረው ማን ነው? የሚያጋልጠው መጨረሻው ነው። የ13 ፋክቶሪያል ውስጥ 10 አለ፤ 5 እና 2ም አሉ፤ ስለዚህ በሁለት ዜሮ ማለቅ አለበት። በ504 የሚያልቅ ቁጥር የ13 ፋክቶሪያል ሊሆን አይችልም። መልሱ ከኮምፒውተር ስለወጣ ብቻ አትመኑት፤ በምታውቁት ሒሳብ መዝኑት።

ኢንቱን ወደ ሎንግ ሎንግ ብንቀይረው እስከ 20 ፋክቶሪያል በደኅና እንሄዳለን። 21 ላይ እሱም ይሞላል። ትልቅ ሳጥን ጫፉን ያርቀዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጀማሪዎችን የምታታልል አንዲት ወጥመድ ደግሞ አለች። «ሎንግ ሎንግ ሀ = 100000 * 100000;» ብለን ጻፍን እንበል። መቀበያው ሳጥን ሰፊ ስለሆነ 10,000,000,000 ይገባል ብለን እናስባለን። ሆኖም ማባዛቱ የሚካሄደው ከመቀበያው በፊት ነው፤ ሁለቱም ቁጥሮች ኢንት ስለሆኑ ብዜቱም በኢንት ይሠራል፤ እዚያው ይሞላል። ብዙ ጊዜ የሚወጣው 1,410,065,408 ነው። መድኃኒቱ ከማባዛቱ በፊት ቢያንስ አንዱን ቁጥር ሎንግ ሎንግ ማድረግ ነው። ውሃው ከተደፋ በኋላ ትልቅ ባልዲ ማምጣት አይጠቅምም።

3. ትልልቆቹም ላይ ደርሷል

ይህ የጀማሪ ችግር ብቻ የሚመስለው ካለ የሚከተሉትን ያንብብ። በቅንፍ ካላመለከትን በቀር ዓመቶቹ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ሰኔ 4 ቀን 1996 የአውሮፓ አሪያን 5 ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈረንሳይ ጉያና ተተኮሰች። ሞተሯ ከተቀጣጠለ 40 ሰከንድ ገደማ በኋላ መንገዷን ስታ ራሷን አፈነዳች። ምክንያቱ ከጎን ፍጥነቷ ጋር የተያያዘ አንድ የ64 ቢት ቁጥር ወደ 16 ቢት ኢንቲጀር ሲቀየር ከ32,767 መብለጡ ነበር። ፕሮግራሙ የተጻፈው በሲ ሳይሆን በኤዳ ቋንቋ ነው፤ ስህተቱ ግን ያው የሳጥን ጉዳይ ነው። ኮዱ የተወሰደው ከቀደመችው ከአሪያን 4 ነበር። በእሷ በረራ ያ ቁጥር ያን ያህል ማደግ አይችልም ነበር፤ አዲሲቱ ግን ፈጣን ነበረች። ተጠባባቂው ኮምፒውተርም ያንኑ ፕሮግራም ይዞ ስለነበር በያው ምክንያት ወደቀ። ከሲኒየር የተቀበላችሁትን ኮድ ሳታነቡ ለምታስገቡ ትምህርት አለው፤ ኮዱ ለእሱ ጥያቄ ልክ ነበር፤ ለእናንተ ጥያቄ ልክ መሆኑን ግን ማንም አላረጋገጠም።

በ2014 መጨረሻ ላይ ደግሞ በዩቲዩብ የአንድ ደቡብ ኮሪያዊ ዘፈን የተመልካች ቁጥር 2,147,483,647ን አለፈ። ይህን ቁጥር አሁን ታውቁታላችሁ። ኩባንያው ቆጣሪውን ወደ 64 ቢት ማሳደግ ነበረበት።

በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለ ቦይንግ 787 መመሪያ አወጣ። አውሮፕላኑ ኃይሉ ሳይቋረጥ 248 ቀን ከቆየ የጄነሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ውስጥ ያለ ቆጣሪ ሞልቶ የኤሌክትሪክ ኃይሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል የሚል ነው። 248 ከየት መጣ? 2,147,483,647 የሰከንድ መቶኛዎችን ወደ ቀን ቀይሯቸው፤ 248 ቀን ተኩል ገደማ ይሆናል። የኛም አየር መንገድ የሚያበረው ይህንኑ ድሪምላይነር ስለሆነ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም።

ገና ያልደረሰም አለ። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጥር 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ይህን በ32 ቢት ኢንት የሚይዙ አሮጌ ሲስተሞች ጥር 19 ቀን 2038 ይሞላሉ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 11 ቀን 2030፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ መሆኑ ነው። ከዚያች ሰከንድ በኋላ ቀኑ ወደ 1901 ይመለሳል። ዛሬ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የሆነ ሰው ያን ጊዜ በሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ ይሆናል፤ ኢንሻአላህ።

4. ስንት ዙር? የአንድ ብልጫና ጉድለት

አሁን ወደ ሉፕ እንምጣ። በመጀመሪያ ኮምፒውተር የሌለበት ጥያቄ፦ በመዲና ሙስሐፍ ሁለተኛው ጁዝእ ከገጽ 22 ጀምሮ ገጽ 41 ላይ ያልቃል። ስንት ገጽ ነው? ቸኩሎ የሚቀንስ 19 ይላል። ሒፍዝ የሞከረ ሁሉ ግን 20 መሆኑን ያውቃል። መቀነስ የሚሰጠን በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው፤ ሁለቱም ጫፎች ሲቆጠሩ 1 ይጨመራል። በፕሮግራሚንግ በጣም የተለመደው የሉፕ ስህተት ይህ ነው።

የሲ አደራደር ከ0 ይጀምራል። «ኢንት ማርክ[10];» ስንል አሥር ሳጥኖች እናገኛለን፤ ቁጥራቸው ከ0 እስከ 9 ነው። ማርክ[10] የሚባል ሳጥን የለም። ስለዚህ ትክክለኛው ሉፕ ይህ ነው፦

ፎር (ቀ = 0; ቀ < 10; ቀ++)

በዚህ ውስጥ < የሚለውን ወደ <= ብንቀይረው ሉፑ አሥራ አንድ ጊዜ ይዞራል። በአሥራ አንደኛው ዙር የኛ ያልሆነ ሜሞሪ ውስጥ ይጽፋል። ሲ «ተው!» ብሎ አይከለክልም። እዚያ ቦታ ምንም ከሌለ ፕሮግራሙ ደኅና ይመስላል። የሌላ ቫሪያብል ቤት ከሆነ ያ ቫሪያብል ይበላሻል። አንዳንዴ ጎረቤቱ ራሱ «ቀ» ሆኖ ይገኛል፤ አደራደሩን በ0 እየሞላን ከሆነ ቆጣሪው ወደ 0 ይመለስና ሉፑ አያልቅም። «ዶርም ላይ ሠርቶልኝ ነበር፤ ላብ ላይ እምቢ አለ» የምንለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የሜሞሪው አቀማመጥ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር ይለያያል።

ደንቡ ቀላል ነው። ከ0 ከጀመርን < እንጠቀም፤ ከ1 ከጀመርን <= እንጠቀም። የአደራደር ሉፕ ሁልጊዜ ከ0 እና በ < ይሁን።

5. የማያልቅ ሉፕ

ሉፕ የሚቆመው ቅድመ ሁኔታው ሐሰት ሲሆን ብቻ ነው። ስለዚህ የማይቆም ሉፕ ስናይ የምንጠይቀው አንድ ነው፦ «ይህ ሁኔታ ሐሰት የሚሆንበት ቀን አለ?» ጀማሪዎች ዘንድ የምናያቸው አምስት መልኮች እነሆ።

አንደኛ፦ ዋይል ውስጥ «ቀ++» መርሳት። ቆጣሪው ካልተንቀሳቀሰ ሁኔታው አይቀየርም።

ሁለተኛ፦ «ዋይል (ቀ < 10);» ብሎ በሴሚኮለን መዝጋት። ለሲ ይህ «ምንም አትሥራ፤ እየደጋገምክ ምንም አትሥራ» ማለት ነው። ከሥር ያለው ብሎክ ተራው አይደርሰውም። ፎር ላይ ሲሆን ደግሞ ሉፑ ያልቃል፤ ብሎኩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል።

ሦስተኛ፦ == መጻፍ ሲገባ = መጻፍ። «ዋይል (ምርጫ = 1)» ማለት ማነጻጸር አይደለም፤ በየዙሩ ምርጫን 1 ማድረግ ነው። 1 ደግሞ ሁልጊዜ እውነት ነው።

አራተኛ፦ ሉፕና ኦቨርፍሎው ሲገናኙ። «ቀ» ምልክት የሌለው ቻር ሆኖ ሁኔታው «ቀ < 300» ቢሆን 255 ላይ ደርሶ ወደ 0 ይመለሳል፤ 300ን ለዘላለም አያያትም። ወደ ኋላ ስንቆጥርም እንዲሁ ነው። ምልክት በሌለው ኢንት «ፎር (ቀ = 9; ቀ >= 0; ቀ--)» ብንል ከ0 በታች የሚባል ነገር ስለሌለ ቀጣዩ 4,294,967,295 ነው፤ እሱም ከ0 ይበልጣል። ወደ ኋላ ለሚቆጥር ሉፕ ምልክት ያለው ኢንት ተጠቀሙ።

አምስተኛ፦ በነጥብ ቁጥር መቁጠር። ከ0.0 ተነሥተን 0.1 እየጨመርን «እስከ 1.0 እኩል እስኪሆን» ብንል በደብል አይቆምም። 0.1 በሁለትዮሽ አጻጻፍ ሙሉ ለሙሉ አይጻፍም፤ አንድ ሦስተኛ በአሥርዮሽ 0.333 እያለ እንደማያልቀው ማለት ነው። አሥር ጊዜ ሲደመር 1.0 ሳይሆን 0.9999999999999999 ይሆንና 1.0ን ዘሎ ያልፋል። ዙሩን በኢንት ቁጠሩ፤ የነጥብ ቁጥሩን ከእሱ አስሉ።

6. በአራት ዓመት አንድ ቀን

የማያልቅ ሉፕ ወዲያው ቢታይ ጥሩ ነበር። ግን ተደብቆ የሚጠብቅም አለ። ታኅሣሥ 31 ቀን 2008 የማይክሮሶፍት ዙን የተባለው የሙዚቃ ማጫወቻ 30 ጊጋባይት ሞዴል በያለበት ቀጥ አለ። ችግሩ ቀንን ወደ ዓመት የሚቀይር አጭር የሲ ሉፕ ነበር። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የቀኖቹ ቁጥር ከ365 እስከበለጠ ድረስ ዙር፤ ዓመቱ የተራ ዓመት ከሆነ 365 ቀንስና ወደ ቀጣዩ ዓመት እለፍ፤ ባለ 366 ቀን ዓመት ከሆነና ቀኖቹ ከ366 ከበለጡ 366 ቀንስና እለፍ።

ሲነበብ ትክክል ይመስላል። አሁን የ2008 የመጨረሻ ቀንን እናስገባበት። 2008 ባለ 366 ቀን ነው፤ የቀረው የቀን ቁጥርም በትክክል 366 ነው። 366 ከ365 ይበልጣል፤ ስለዚህ ሉፑ ውስጥ ይገባል። ዓመቱ ባለ 366 ነው። 366 ከ366 ይበልጣል? አይበልጥም። ስለዚህ ምንም አይቀነስም፤ ምንም አይቀየርም። ሉፑ ወደ ላይ ይመለሳል፤ ያው 366፣ ያው 2008። መሣሪያው የወጣው በ2006 መጨረሻ ስለነበር ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ቀን ገጥሞት አያውቅም። በማግስቱ ቁጥሩ 367 ስለሚሆን ሉፑ በደኅና ያልፋል። በአራት ዓመት ውስጥ የምትሞተው አንዲት ቀን ነበረች፤ እሷን ማንም አልሞከራትም።

ይህ ለኛ እንግዳ ጉዳይ አይደለም። የቀን መቁጠሪያ መቀየሪያ በየዓመቱ የሚመረጥ የፕሮጀክት ርዕስ ነው። የኛ ዓመት 13 ወር አለው፤ ጳጉሜ 5 ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 6 ቀን ትሆናለች። የወሮችን ቀን የሚደምር ሉፕ ከኢንተርኔት ከተቀዳ «ቀ < 12» ይል ይሆናል፤ ጳጉሜ ትጠፋና ዓመቱ 360 ቀን ይሆናል። ፕሮጀክታችሁን መስከረም 1 ላይና በመስከረም መሀል ብቻ አትሞክሩት። ጳጉሜ 5 ቀን 2014ን፣ ጳጉሜ 6 ቀን 2015ን (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) አስገቡበት። እዚያ ካለፈ ሌላውም ያልፋል።

7. መሀሉን መፈለግ

ሁለቱ ስህተቶች በአንድ መስመር የሚገናኙበት ዝነኛ ቦታ አለ። በተደረደረ አደራደር ውስጥ ቁጥር ስንፈልግ መሀሉን የምናገኘው «(ታች + ላይ) / 2» ብለን ነው። መጽሐፍትም እንዲህ ያስተምሩ ነበር። ታች 1,200,000,000፣ ላይ 1,500,000,000 ቢሆኑ ሁለቱም ለየብቻቸው ኢንት ውስጥ ይገባሉ፤ ድምራቸው 2,700,000,000 ግን አይገባም። መሀሉ ኔጌቲቭ ሊሆን ነው። ይህ ስህተት በጃቫ ላይብረሪ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ኖሮ ጆሹዋ ብሎክ በ2006 ይፋ አደረገው። ማስተካከያው «ታች + (ላይ − ታች) / 2» ነው። በሒሳብ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በሳጥን ውስጥ ግን አንድ አይደሉም።

8. እንዴት እንከላከል?

በመጀመሪያ ወረቀትና እስክሪብቶ። ሉፑ ሲያስቸግር ኮዱን ደጋግሞ ረን ከማድረግ በፊት ሠንጠረዥ አስምሩ። በአንድ ዓምድ ቀን፣ በሌላው ድምሩን፣ በሦስተኛው ሁኔታው እውነት ወይም ሐሰት መሆኑን ጻፉ። ሁሉንም ዙር መከተል አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ዙር፣ የመጨረሻውን ዙርና ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለውን ብቻ ተከተሉ። ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ይህን ዶርም አልጋው ላይ ሆኖ መሥራት ይችላል፤ ላብ ሲገባ ስህተቱን አግኝቶ ይገባል። በወረቀት የሚሰጠው ፈተናም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛ፣ ፕሮግራማችሁን በጫፍ ቁጥሮች ፈትኑት። 0 አስገቡ፤ 1 አስገቡ፤ ኔጌቲቭ አስገቡ፤ የሚፈቀደውን ትልቁን አስገቡ፤ ከእሱ በ1 የሚበልጠውን አስገቡ። 5 ወይም 7 አስገብቶ «ይሠራል» ማለት መሀሉን ብቻ ማየት ነው።

ሦስተኛ፣ ከመደመር በፊት ፈትሹ። ብዙዎች መጀመሪያ ደምረው ከዚያ «ውጤቱ አነሰ ወይ?» ይላሉ። ለኢንት ይህ አይሠራም፤ ኦቨርፍሎው አይደርስም ብሎ የሚያስበው ኮምፓይለር ፍተሻውን ራሱን ሊሰርዘው ይችላል። ትክክለኛው አስቀድሞ መጠየቅ ነው። ለ ፖዘቲቭ ሲሆን «ሀ > ኢንት_ማክስ − ለ» እውነት ከሆነ ድምሩ አይገባም፤ አትደምሩ። ኢንት_ማክስን የምታገኙት ሊሚትስ የተባለውን ሄደር ፋይል በማስገባት ነው።

አራተኛ፣ ኮምፓይለሩ ይርዳችሁ። ጂሲሲ ማስጠንቀቂያዎቹን በሙሉ እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል። ያን ጊዜ በ = እና በ == መካከል የተፈጠረውን መምታታትና ቦታው ያልሆነ ሴሚኮለንን ብዙ ጊዜ ይጠቁማል። ሳኒታይዘር የተባለውን መፈተሻ ስታበሩለት ደግሞ ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ኢንት የሞላበትን መስመር ቁጥሩን ጠቅሶ ይነግራችኋል። ማስጠንቀቂያን እንደ ስድብ አትዩት፤ ነጻ አስጠኚ ነው።

9. መልመጃ

መልሱን ከማየታችሁ በፊት በወረቀት ሞክሩ፤ ቢቻል ሁለት ሆናችሁ።

ሀ) ምልክት የሌለው የ8 ቢት ቻር 250 ይዟል። 10 ቢደመርበት ስንት ይሆናል?

ለ) «ፎር (ቀ = 5; ቀ <= 25; ቀ += 5)» ስንት ጊዜ ይዞራል?

ሐ) ከ1 እስከ ነ ያሉትን ቁጥሮች በኢንት እንደምራለን። አንድ ተማሪ በሉፕ አንድ በአንድ ይደምራል። ሌላዋ «ነ * (ነ + 1) / 2» የሚለውን ቀመር ትጠቀማለች። ነ እያደገ ሲሄድ የማን ፕሮግራም ቀድሞ ይሳሳታል?

መልሶቹ፦ ሀ) 260 ሲቀነስ 256፣ 4 ይሆናል። ለ) 5 ጊዜ፤ 5፣ 10፣ 15፣ 20፣ 25። ሐ) የቀመሩ ቀድሞ ይሳሳታል። ለሁለት ከመካፈሉ በፊት ብዜቱ ኢንት ውስጥ መግባት ስላለበት ነ 46,341 ሲሆን ይሞላል። ሉፑ ግን እስከ 65,535 ድረስ በትክክል ይደምራል፤ ድምሩም 2,147,450,880 ነው። 65,536 ላይ እሱም ይሞላል። ቀመሩ ፈጣን ነው፤ ሉፑ ሩቅ ይሄዳል። ቀመሩን በሎንግ ሎንግ የሠራች ሁለቱንም ታገኛለች።

ለአንደኛ ዓመት ወንድሞችና እህቶቻችን ይህን እንላለን። የሮኬትና የአውሮፕላን መሐንዲሶችን ያሳሳተ ነገር እናንተን ቢያሳስት የአእምሮ ማነስ ምልክት አይደለም። ቁጥሩ ሲበላሽ ሳጥኑን ጠይቁ፤ ሉፑ አልቆም ሲል ሁኔታውን ጠይቁ። የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጹን ከመሙላታችሁ በፊት የከሸፈውን የላብ ልምምድ አንድ ጊዜ በሠንጠረዥ ተከተሉት። ካስቸገራችሁ ሠንጠረዡን ይዛችሁ ወደ እኛ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።

በሚቀጥለው እትም ፖይንተሮችን እናያለን፤ ኢንሻአላህ። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ።